በጋሪ የሄደው ጓሮ

ባለፈው ወር የፈረምኩት የቤት ኪራይ ውል ተራ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ «ተከራይ በግቢው መሬት ላይ ማናቸውንም ዓይነት ተክል መትከል አይችልም።» አከራዬ ወጣት ነው። ውሉን ከስልኩ ላይ እያነበበ ሰባት ላይ ሲደርስ እንደ ማፈር አለና «ይቺ ያው ለፎርማሊቲ ናት፣ እህቴ» አለኝ። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም። ፈረምኩለትና ቁልፌን ተቀበልኩ። ያቺን ቁጥር ሰባት ሳትጻፍ በፊት በቃሌ አውቃታለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እዚሁ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ከዋናው ቤት ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው። አባቴ ከሰሜን ሸዋ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ግብርናን በሚመለከት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ስለ ችግኝ የተጻፈ ደብዳቤ ፋይል ሲያደርግ ይውላል እንጂ በሕይወቱ አንድ ችግኝ ተክሎ አያውቅም። እናቴ ግን የገበሬ ልጅ ናት። ጅማ የገባን ዕለት ዝናቡንና ቀዩን አፈር አይታ «እዚህ አገር ዱላ ቢተክሉት ይበቅላል» ብላ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በእትዬ ብዙነሽ ግቢ ዱላም ቢሆን መትከል ክልክል ነው።

እትዬ ብዙነሽ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ አጥር ሥር ሦስት እግር ቡና ተክሎ፣ ቤቱን ልቀቅ ሲባል «ያለማሁት ንብረት አለኝ» ብሎ ሽማግሌ ፊት አቁሟቸዋል። በቡና አገር ቡና የተከለ ሰው በዋዛ አይነሣም። ሽማግሌዎቹ ለእርሳቸው ፈረዱ፤ እርሳቸው ግን ድንጋጤው አልለቀቃቸውም። ቡናውን አስቆርጠው ግቢውን እንደ አውድማ አስጠረጉት። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ተከራይ ሁሉ ከቁልፉ ጋር አንድ ሕግ አብረው ይሰጣሉ፦ «መሬቴ ላይ አንዲት ነገር እንዳትተክሉ። ሥር ሰዶ ኋላ እንዳያጣላን።»

ለእኛ ለልጆቹ ያ የተራቆተ ግቢ ገነት ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ለማስመር፣ ሱዚ ለመዝለል እንደሱ የሚመች የለም። እናቴን ግን ያማት ነበር። በር ላይ ቆማ ዝናቡ ባዶውን መሬት እየገረፈ ሲወርድ ስታይ፣ እህል የሚደፋባት ያህል ከንፈሯን ትመጥ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በማሙሽ ነው። ታናሽ ወንድሜን ምች ደጋግሞ ይመታው ነበር፤ ከንፈሩ ይቆስላል፣ ትኩሳቱ ይነሣል። ያኔ እናቴ ዳማከሴ ለምኚ ብላ ወደ አዴ ዘይነባ ትልከኛለች። አዴ ዘይነባ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ የቡ በምትባል ከተማ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ጓሯቸው ውስጥ የሌለ ቅጠል የለም። በዚያ ወር ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቅጠሉን ቀጥፈው ከሰጡኝ በኋላ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ገንጥለው ጨመሩልኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሎ፣ ይህን ትትከለው በያት ለእናትሽ። ዳማከሴ የሌለው ቤት በር እንደሌለው ቤት ነው፣ ወላሂ።» የተናገሩት በፍቅር ነው፤ እኔም ቃል በቃል አደረስኩ።

እናቴ ቅርንጫፉን ይዛ ቆማ ቀረች። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ፣ ጨምቃ፣ ማሙሽን አጠጣችና ግንባሩን ቀባችው። ከዚያ ለራሷ በሚመስል ድምፅ «ቅጠል» አለች። «ቅጠል እንኳ ለምኜ!» ፊቷ ላይ ያየሁትን ያኔ ስም ልሰጠው አልችልም ነበር። ኀፍረት ነው። የአባቴ ደመወዝ ወሩን እንደማይዘልቅ ታውቃለች፣ ለሱ አፍራ አታውቅም። በዚህ ሁሉ ዝናብ መሀል ቅጠል መለመን ግን አንገቷን አስደፋት።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ሌላ ሴት ሆና ተነሣች። «መሬቴ ላይ ነው ያሉት» አለች ለአባቴ፣ ሻይ እየቀዳችለት። «መሬታቸውን አልነካም። ማዳበሪያ ላይ አላሉም፣ ጣሳ ላይ አላሉም።» አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቤት ማጣት የሚያስፈራው ሰው ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ከእትዬ ብዙነሽ ጋር ሲገናኝ ኮቱን ቆልፎ ነው። «አንቺ ሴት፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አላት። እርሷም «እኔ ሁለት ዓይን አለኝ፤ አንተ የራስህን ጠብቅ» ብላው ጆንያ ፍለጋ ወጣች።

የተቀደዱ ማዳበሪያዎችን ከእህል ነጋዴ ለመነች። የሚያፈስ ጀሪካን ወገቡ ላይ ቆረጠች፤ የዘይት ጣሳ፣ ጆሮው የተሰበረ ሳፋ፣ የአባቴ አሮጌ ቦቲ ሳይቀር ተሰበሰበ። ለዘርም ሱቅ አልሄደችም። ከገበያ የተረፈ፣ የፈረጠ ቲማቲም ፍሬውን አጥባ አባቴ ባመጣው የቢሮ ወረቀት ላይ አሰጣችው። ከወጥ ቃሪያ ዘሩን አስቀረች። ለበርበሬ ከተገዛው ድንብላል እፍኝ ዘገነች፤ ለካ ቅመም ነው ስንለው የነበረው ሕይወት ያለው ዘር ኖሯል። ነጭ ሽንኩርቱን እየፈለቀቀች አዘጋጀችው፤ የጎመን ግንድ ጫፉን ሳትጥል ውኃ በያዘ ጣሳ ሰካችው። ጤና አዳምና በሶብላ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ አገኘች። ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ሥር ድንጋይ ወይም ስባሪ ጡብ አደረገች፤ የማንኛውም ማዳበሪያ ቂጥ የእትዬ ብዙነሽን መሬት እንዳይነካ። «ማን ያውቃል፣ ሽማግሌ ቢመጣም እጁን ሰዶ ያያል» ትል ነበር።

የቀረን አፈር ነው። ከግቢው እንዳንቆፍር ሕጉ አለ። በየቡ መንገድ መውጫ ላይ ቡና መፈልፈያ ነበር፤ ከኋላው ቡናው ሲፈለፈል የሚወጣ የገለፈት ተራራ ተከምሮ ይኖራል፣ ማንም አይፈልገውም፣ ውሰዱልን ነው የሚሉት። በመከር ጊዜ ሽታው ከተማው ድረስ ይመጣል፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ያለ። ያን ሽታ ዛሬም ሳሸተው ሰባት ዓመቴ ይመለሳል። እናቴ የተከመረውን ጥቁር ነገር ስታይ ዓይኗ በራ። ከደጋ ለመጣ ሰው ጥቁርና የሚፍረከረክ ነገር ሁሉ አፈር ነው! እሷ ማዳበሪያ ሙሉ፣ እኔ በፌስታል፣ ሁለት ቅዳሜ ስንመላለስ ጫንቃችን ተላጠ። ሞላን፣ ተከልን፣ ውኃ አጠጣን፣ ተቀምጠን ጠበቅን።

ብቅ ባሉ በሳምንቱ ሁሉም አረረ። ችግኞቹ ከሥራቸው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝተው አገኘናቸው። ስባሪ ጡብ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም፤ አጥር ላይ ቆማ «አዴ ዘይነባ!» ብላ ተጣራች። እርሳቸው መጥተው አንዱን ማዳበሪያ ክንዳቸውን አስገብተው ፈተሹና ሳቃቸውን ለቀቁት። ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እናቴን የሚጠሯት በእኔ ስም ነበር። «የሰናይት እናት፣ ምን ነካሽ! ትኩስ ገለፈት እሳት ነው እኮ፤ ዘር ይበላል። ላዩን አይተሽ ነዋ የዛቅሽው! ሜ፣ እስቲ እጅሽን ስጪኝ።» የእናቴን እጅ ይዘው እስከ ክርኗ ከተቱት። እውነትም ውስጡ ይሞቅ ነበር፣ እንደ በሽተኛ ብብት።

እንዲህ አስተማሩን። ገለፈቱ ከአመድና ከደረቀ እበት ጋር ይከመራል፣ ከተገኘም ቀይ አፈር ይጨመርበታል፣ በኮባ ቅጠል ይሸፈናል፣ በየጊዜው ይገለበጣል። ከዚያ በየሳምንቱ እጅ ይከተትበታል። ከሞቀ አልደረሰም። «ሲበርድ ነው ዘር የሚቀበለው። አትቸኩዪበት» አሉ። እጅ መክተቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመጣ ክንዴን ከትቼ «ገና ነው!» ብዬ እጮኽ ነበር። አዴ ዘይነባ ከአጥር ማዶ «ኤዬ፣ ገና ነው!» ብለው ይመልሱልኛል። የተከመረውም በአዴ ዘይነባ ግቢ ነው፤ በእኛ በኩል ሕጉ አለና።

የበረደ ዕለት እናቴ ሁሉን እንደገና ጀመረች፤ በውኃ ጣሳ ያቆየችውን የዳማከሴ ቅርንጫፍም ተከለች። በዚያ ዓመት የበላነውን ሰላጣና ጎመን ዛሬ የትኛውም ሆቴል አያበላኝም ብል ማጋነን አይደለም። ቲማቲሙ በአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጎመኑ በማዳበሪያው ጎን በተቀደደው ቀዳዳ ሁሉ እጁን አወጣ። ከዝናብ በኋላ በሩን ስንከፍት የጤና አዳምና የበሶብላ ሽታ እግራችን ሥር ይጠብቀናል። ማሙሽን ምች ሲመታው እኔ የምላከው ሦስት እርምጃ ብቻ ሆነ። ዳማከሴዋ በሦስት ስባሪ ጡብ ላይ በተቀመጠች ግማሽ ማዳበሪያ ውስጥ ሆና ከእኔ በላይ ረዘመች። እንዲያውም አንድ ቀን አዴ ዘይነባ ድንብላል ሊለምኑ መጡ። እናቴ ቆርጣ ስትሰጣቸው የነበራትን ፈገግታ ብታዩት! ያን ቀን ነው ቀና ያለችው።

አባቴ ብቻ አልተኛም። እትዬ ብዙነሽ በመስኮት ብቅ ባሉ ቁጥር ማዳበሪያዎቹን በታጠበ አንሶላ ይሸፍናቸዋል። እናቴ ስትስቅበት «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ትለው ነበር። የሚሸፈን ነገር አልነበረም እኮ፤ ሃያ ማዳበሪያ ያህል ሆነዋል። እትዬ ብዙነሽ መጀመሪያ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ቀጥሎ ዶሮዎቻቸውን ለቀቁብን። በመጨረሻ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በትራቸውን ይዘው መጥተው እያንዳንዱን ማዳበሪያ በበትሩ ጫፍ እየነኩ ዞሩ።

«ምን ብዬሽ ነበር?» አሏት እናቴን።

«መሬቴ ላይ እንዳትተክሉ ብለውኛል፣ እትዬ። አልተከልኩም። ጎንበስ ብለው ይዩት፣ ሁሉም ድንጋይ ላይ ነው ያለው።»

«ዛሬ ድንጋይ ላይ፣ ነገ መሬቴ ላይ። ያኛውም እንዲሁ ነው የጀመረኝ» አሉ። ልጅ ብሆንም ከድምፃቸው ንዴት ሥር ፍርሃት እንዳለ ሰምቻለሁ። «እስከ እሑድ ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እናንተ።»

አባቴ ምሳውን አልበላም። «ጎመን ነው እኮ» አለ፣ «ለጎመን ብለን ልጆች ይዘን ጎዳና እንውጣ?» ልክ ነበር፤ ያ ቤት ለትምህርት ቤቴም ለሥራውም ቅርብ ነው፣ ሌላ ቤት ማግኘት ቀላል አልነበረም። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከእሱ ጋር ወገንኩ። ጓደኞቼን ማጣት ፈራሁ። «እማዬ፣ በቃ እንጣለው» አልኳት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «አንቺም?» ብቻ አለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አዴ ዘይነባ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ የሚኖር ዘመድ ነበራቸው፤ አንዲት ክፍል፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ፣ ከእኛዋ የባሰች ቤት አለችው። ሰውዬው ለእናቴ ያላት ነገር ለረጅም ጊዜ እቤታችን ተረት ሆኖ ኖሯል፦ «የማከራየው ቤቱን ነው፤ አፈሩን ምን አደርገዋለሁ? ትከሉ!» አባቴ የሚያፈሰውን ጣሪያ አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ኮቱን አውልቆ ጋሪ ሊጠራ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን ፈሪ ብዬ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ጋሪው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። መጀመሪያ አልጋውንና ዕቃውን ወሰደ፤ ሁለተኛው ጭነት በሙሉ ጓሮው ነበር። እትዬ ብዙነሽ በረንዳቸው ላይ ቆመው ያያሉ። ማዳበሪያዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ዳማከሴዋ ላይ ስንደርስ ግን እንቢ አለች። አባቴና ባለጋሪው ቢስቧት ቢስቧት ፍንክች የለም። ጉዱን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሦስቱን ስባሪ ጡቦች አንድ በአንድ ለሰኞ ማክሰኞ የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ። ማዳበሪያው መሬት ላይ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል፤ ሥሩ ቀዳዳ አግኝቶ ወርዷል።

«ሥር ሰደደ! አላልኩም?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ለእርሳቸው ያቺ ደቂቃ ማስረጃ ነበረች። እናቴ ወደኔ አንዴ አየች፤ ከፊቴ ላይ ሁሉን አነበበች። ቢላዋ አምጥታ የዳማከሴዋን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ቆረጠችና በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለቻቸው። ጉቶውን ከነማዳበሪያው እዚያው ተወችው። ቀና ብላም «እኔን አስወጥተዋል፣ እትዬ። እሷን ደግሞ እርስዎ ያስወጧት» አለቻቸው።

ከዚያ ተጓዝን። ኡፍ፣ ያ መንገድ! ጎመኑ በጋሪው ላይ ይወዛወዛል፣ ቲማቲሙ ከነፍሬው ይንጠለጠላል፣ ከአባቴ ቦቲ ውስጥ ቃሪያ ብቅ ብሏል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣበት ሰዓት ነው። ልጆች እየተከተሉ ይጮኻሉ፤ አንዲት ሴት «ጎመኑ ይሸጣል?» ብላ ጠየቀች። የክፍሌን ልጆች ከሩቅ ሳይ ከጋሪው ጀርባ ተደበቅሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ፊት አወጣችኝ። «ቀና በይ!» አለችኝ። «ሰርቀን አይደለም የምንሄደው።» የዳማከሴውን ጥቅልል አስታቀፈችኝና ከጋሪው ፊት አስቀደመችኝ። የአዌቱን ድልድይ ስንሻገር አንገቴ ቀና ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልተደፋም።

አዲሱ ቤት ስንደርስ ግን እናቴ ማዳበሪያዎቹ መሀል ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ከቅርንጫፎቹ አንዱን መሬት ላይ፣ ልብ በሉ፣ መሬት ላይ ተከለችው።

ይህ ሁሉ ካለፈ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ያ ዘመን ድሀ ነበር፤ ቢሆንም ግቢ ሁሉ አፈር ነበረው። አሁን አፈሩን ሲሚንቶና ታይልስ በልቶታል፤ የኮሌጅ ተማሪ ለማከራየት ተብሎ ክፍል በክፍል ላይ ይሰካል፣ ዝናቡ የሚወርድበት ይጠፋዋል። ባለፈው ዓመት ሰቶ ሰመሮ ጉዳይ ኖሮኝ ሳልፍ እግሬ ወደ ድሮው ግቢ ወሰደኝ። እትዬ ብዙነሽ አርጅተዋል፤ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሚንቶ ነው። በስተጀርባ ጥግ ላይ ብቻ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ውስጥ ከሰው ቁመት የበለጠ ዳማከሴ ቆሟል።

ማን መሆኔን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ሦስት ጊዜ አስቆረጥኳት» አሉ፣ ዳማከሴዋን በበትራቸው እያሳዩኝ። «ሲሚንቶም አስደፋሁባት። መጨረሻ ላይ እጅ ሰጠሁ። አሁን ልጅ የታመመበት ጎረቤት ሁሉ እዚህ ነው የሚመጣው፤ በሬን የምታስንኳኳልኝ እሷ ናት።» ከዚያ «እናትሽ ብቻ አንድ ቀን አልመጣችም» አሉ። አልመጣችማ። እናቴ ዛሬም አዌቱ ማዶ ናት፣ የራሷ ዳማከሴ አላት፣ ከዚያ ወዲህ ቅጠል ለምና አታውቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና ለእኔ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ እንድቆርጥ ፈቀዱልኝ። ያን ቅርንጫፍ ዓመት ሙሉ በጣሳ አኖርኩት፤ አዲሱ ቤቴ ስገባም ይዤው ገባሁ።

አሁን በሬ ላይ ስድስት ማዳበሪያዎች ቆመዋል። ትናንት እናቴ በስልክ «እጅሽን ከተትሽበት?» ስትለኝ ክንዴ እስከ ክርኔ ገለፈት ውስጥ ነበር። በርዷል። ዛሬ ጠዋት ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ድንብላሉን ተከልኩ፤ አምስቱን ማዳበሪያዎች በሥርዓቱ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ቁጥር ሰባት ተከበረ። ስድስተኛውን፣ ዳማከሴ ያለበትን፣ ቧንቧው አጠገብ ሲሚንቶ ወዳልደረሰባት ጥግ ወሰድኩት። ቂጡን በቢላዋ ቀደድኩትና አፈሩ ላይ አስቀመጥኩት። ድንጋይ አላደረግኩበትም፤ የዛሬው ለሰኞ ማክሰኞ አይደለም፣ ሥር እንዲሰድ ነው።